ከሜዳው ዳር የሚቀመጠው ተማሪ

በተማሪነታችን ዘመን አብሮን ይማር የነበረ አንድ ጓደኛችን እስከ ዛሬ ድረስ ከዓይነ ኅሊናችን አይጠፋም። ይህ ልጅ ገና ሕፃን ሳለ የፖሊዮ በሽታ ይዞት ስለ ነበር ቀኝ እግሩ ሰልሎ፣ የሚራመደው በምርኩዝ እየተደገፈ ነበር። በሒሳብ ትምህርት ከክፍሉ የሚስተካከለው አልነበረም። ነገር ግን የሰውነት ማጎልመሻ ክፍለ ጊዜ በደረሰ ቍጥር መምህሩ «አንተ እዚያ ዛፍ ሥር ዕረፍ» ይሉታል፤ እኛም ኮታችንንና የእጅ ሰዓታችንን ለእርሱ አስረክበን ወደ ሜዳው እንሮጣለን። እንዲህ እየሆነ አራት ዓመት ሙሉ ልብሳችንን ጠበቀልን። በየዓመቱ መጨረሻ በሚሰጠው የውጤት ካርድ ላይ በሰውነት ማጎልመሻ ትምህርት አንጻር ይሰመርለት የነበረው አንዲት ጭረት ናት እንጂ ቍጥር አልነበረም። መምህሩ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ እኛም ክፉዎች አልነበርንም። እንዲያውም ያዘንንለት ይመስለን ነበር።

ይህን የድሮ ነገር ዛሬ ያነሣንበት ምክንያት አለን። በዚህ ሳምንት በቤተ ሰብ ገጻችን ልንመለከተው ያሰብነው፣ በከፍተኛ ትምህርት ቤቶች የሚማሩ አካል ጉዳተኞች ስለሚያገኙት፣ ወይም ሊያገኙት ሲገባ ስለሚቀርባቸው የሰውነት ማጎልመሻ ትምህርት ነው። ለምሳሌ የመረጥነውም የጎረቤታችንን የኬንያን ዋና ከተማ ናይሮቢን ነው። ስለ ምን ናይሮቢን መረጣችሁ የሚለን ቢኖር መልሳችን ይህ ነው፤ ኬንያና ኢትዮጵያ በሩጫ ሜዳ ሲፎካከሩ ዓለም የሚያውቃቸው ሁለት አገሮች ናቸው። ጤናማ እግር ያላቸውን ልጆቻቸውን እንዴት እንደሚያሠለጥኑ ሁለቱም ለሌላው ዓለም ሊያስተምሩ ይችላሉ። የቀሩትን ልጆቻቸውን እንዴት እንደሚያሠለጥኑ መጠየቅ ግን ከዚያ ይልቅ የሚጠቅም መስሎ ታይቶናል። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚገኙት ዓመቶች ሌላ ምልክት ካልተደረገባቸው በቀር በአውሮጳውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።)

ወደ ነገራችን ከመግባታችን በፊት፣ አማርኛን በመማር ላይ ለሚገኙት አንባቢዎቻችን ስለ ቃላት ጥቂት ልናመለክት እንወዳለን። በቀድሞ መጻሕፍትና ጋዜጦች ውስጥ «አካለ ስንኩላን»፣ «ድኩማን»፣ «ዕውራን» የሚሉት ቃላት በብዛት ይገኛሉ። ጸሐፊዎቹ ለመሳደብ ብለው የጻፏቸው አይደሉም። ዛሬ ግን በመሥሪያ ቤት ደብዳቤም ሆነ በንግግር የሚሠራባቸው «አካል ጉዳተኛ»፣ «ዓይነ ሥውር»፣ «መስማት የተሳነው» የሚሉት ናቸው። የድሮውን ቃል በንባብ ሲያገኙት ትርጓሜውን ማወቅ፣ በጽሕፈት ጊዜ ደግሞ በአዲሱ መጠቀም ይገባል።

«የተስማማ የሰውነት ማጎልመሻ ትምህርት» ሲባል ምን ማለት ነው? ጎበዝ ልብስ ሰፊ ጨርቁን በሰውየው ልክ ይቆርጣል እንጂ ሰውየውን በጨርቁ ልክ ልቍረጠው አይልም። ይህም ትምህርት እንደዚሁ ነው። ጨዋታውን፣ የመጫወቻውን ዕቃ፣ የሜዳውን ስፋት፣ ደንቡንና የመምህሩን አነጋገር በተማሪው ልክ አስተካክሎ፣ ተማሪው ከጓደኞቹ ሳይለይ እንዲሠለጥን ያደርገዋል። በአሜሪካ አገር የጉዳዩ ዐዋቂዎች የተሰበሰቡበት አንድ ኮሚቴ በ1952 የትምህርቱን ትርጓሜ ሲወስን፣ ለተማሪው ፍላጎት፣ ለችሎታውና ለጉዳቱ መጠን የሚስማሙ ልዩ ልዩ እንቅስቃሴዎችንና ጨዋታዎችን የያዘ መሆን እንዳለበት ገልጾ ነበር። በዚህ ትርጓሜ ውስጥ ፍላጎት ከጉዳት አስቀድሞ መጠራቱን ልብ ማለት ያስፈልጋል። ሐኪም ጉዳቱን አይቶ የሰለለውን ጡንቻ ለማዳን ይደክማል፤ የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ግን ጤነኛ የሆነውን የሰውነት ክፍል አይቶ ያንን ያሠለጥናል። ሁለቱ ሥራዎች ዝምድና ቢኖራቸውም አንድ አይደሉም።

የዚህ አሳብ ሥሩ ጦርነት ነው። ከናዚዎች ሸሽተው በ1939 እንግሊዝ አገር የገቡት ዶክተር ሉድቪግ ጉትማን፣ በ1944 በስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል የኅብለ ሰረሰር ጉዳት የደረሰባቸው ወታደሮች የሚታከሙበት ክፍል ከፈቱ። ከዚያ ቀደም እንዲህ ያለ ጉዳት ያገኘው ሰው አብዛኛውን ጊዜ በአልጋ ቍስልና በሽንት መተላለፊያ ሕመም ምክንያት ብዙ ሳይቆይ ይሞት ነበር። ዶክተር ጉትማን ሕመምተኞቻቸው በየሁለት ሰዓቱ እንዲገላበጡ በማድረግ ቍስሉን ከተከላከሉ በኋላ፣ በእጃቸው ቀስት አስያዟቸው። የለንደን ኦሎምፒክ በተከፈተበት ቀን፣ ማለት ሐምሌ 29 ቀን 1948፣ አሥራ ስድስት ጉዳተኞች በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ተቀምጠው በሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ ቀስት በመወርወር ተወዳደሩ። ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ በሮም ከተማ ከ23 አገሮች የመጡ 400 ያህል ስፖርተኞች ተሰበሰቡ።

ሮምን ስንጠራ አንድ ነገር ሳንጠቅስ ለማለፍ አንችልም። አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ሮጦ የማራቶኑን ወርቅ ያገኘው መስከረም 10 ቀን 1960 ነው። በስምንተኛው ቀን፣ በዚያችው ከተማ፣ የአካል ጉዳተኞች ውድድር ተከፈተ። በዚያን ጊዜ ሁለቱ ነገሮች ይገናኛሉ ብሎ የሚያስብ ሰው አልነበረም። በ1969 ግን ሻምበል አበበ በመኪና አደጋ ከወገቡ በታች ሽባ ሆነና ለሕክምና የተላከው ወደዚያው ወደ ስቶክ ማንደቪል ነው። በሚቀጥለው ዓመት በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆኖ ቀስት ወረወረ፤ በ1971 ደግሞ ወደ ኖርዌይ ሄዶ ውሾች በሚስቡት የበረዶ መንሸራተቻ የ25 ኪሎ ሜትር ውድድር አሸነፈ። በረዶ በሌለበት አገር ተወልዶ ያደገ ሰው፣ እግሩ ከታሰረ በኋላ በበረዶ ላይ ቀዳሚ ሆነ። ይህ ታሪክ በአገራችን ከሮሙና ከቶኪዮው ድል ይልቅ በጥቂቱ የሚነገር መሆኑ ሁልጊዜ ያስደንቀናል።

ወደ ከፍተኛ ትምህርት ቤቶች ስንመለስ፣ ቀደም ብሎ የሚታወሰው የአሜሪካው የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ነው። በዚያ ቲሞቲ ኑጀንት የተባሉ ሰው ከ1948 ጀምሮ ከጦርነት የተመለሱ ጉዳተኞች ወጣቶችን ወደ ትምህርት አስገብተው፣ በተሽከርካሪ ወንበር የሚጫወት የቅርጫት ኳስ ቡድን አቋቋሙላቸው። ሰዎቹ አስቀድሞ ያስፈለጋቸው ኳስ ሳይሆን መወጣጫ ነበር፤ ደረጃ ብቻ ባለበት ሕንፃ ውስጥ ተሽከርካሪ ወንበር ይዞ መግባት ስለማይቻል፣ የስፖርቱና የሕንፃው ጉዳይ ከመጀመሪያው ተያይዘው ኖረዋል። ይህን ነገር ስለ ናይሮቢ ስንናገር መልሰን እናነሣዋለን።

ከናይሮቢ መሐል ከተማ ተነሥቶ በቲካ ጎዳና ወደ ሰሜን ምሥራቅ የሚሄድ ሰው በመንገዱ ላይ ለነገራችን አስፈላጊ የሆኑ ሦስት ቦታዎች ያገኛል። ሁለቱ ካሳራኒ በሚባለው ሰፈር ይገኛሉ። አንደኛው በ1987 ለአራተኛው የመላው አፍሪካ ጨዋታዎች የተሠራው ትልቁ ስታዲየም ነው፤ በ2021 ከሃያ ዓመት በታች የሆኑ ወጣቶች የዓለም አትሌቲክስ ውድድር የተደረገው በዚሁ ሜዳ ነበር። ሁለተኛው በ1986 በሕግ የተቋቋመው የኬንያ የልዩ ትምህርት ኢንስቲቲዩት ነው። የዚህ ኢንስቲቲዩት ሥራ አካል ጉዳተኞች ልጆችን የሚያስተምሩ መምህራንን ማሠልጠን፣ የልጆቹን ችሎታና ችግር መመርመር፣ ለትምህርቱ የሚያስፈልጉ ዕቃዎችን ማዘጋጀት ነው። ታላቁ ስታዲየምና የልዩ ትምህርት ኢንስቲቲዩት በአንድ ሰፈር መገኘታቸው በአጋጣሚ ይመስለናል፤ ነገር ግን ለመምህር ጥሩ ምሳሌ ይሆናል።

ሦስተኛው ቦታ ከከተማው መሐል ሃያ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ካሃዋ በሚባለው ስፍራ የሚገኘው የኬንያታ ዩኒቨርሲቲ ነው። (ካሃዋ በስዋሂሊ ቋንቋ ቡና ማለት ነው፤ ለእኛ አገር ሰው ለማስታወስ አያስቸግርም።) ይህ ግቢ ቀድሞ ቴምፕለር የሚባል የእንግሊዝ ጦር ሰፈር ነበር። በ1965 እንግሊዞች ለነጻው የኬንያ መንግሥት ካስረከቡት በኋላ ኮሌጅ ሆነ፤ በ1970 በናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ ሥር ተጠቃለለ፤ በ1985 ደግሞ ራሱን የቻለ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ከመነሻው የመምህራን ማሠልጠኛ ስለ ነበር ትምህርትን ማስተማር ዋና ሙያው ነው። በግቢው ውስጥ የልዩ ፍላጎት ትምህርትም፣ የሰውነት ማጎልመሻና የስፖርት ትምህርትም ይሰጣሉ። እነዚህ ሁለት ዕውቀቶች በአንድ አጥር ውስጥ መገኘታቸውን ትልቅ ዕድል እንለዋለን። በብዙ አገሮች ስለ ጉዳት የሚያውቀው መምህር ስለ ጨዋታ አያውቅም፤ ስለ ጨዋታ የሚያውቀው ደግሞ ዓይነ ሥውር ተማሪ ወደ ሜዳው ሲመጣ የሚያደርገው ጠፍቶበት ይደነግጣል። ከዚህ ድንጋጤ የተነሣ ነው «እዚያ ዛፍ ሥር ዕረፍ» የሚለው ትእዛዝ የሚወጣው።

በአንድ ዘመን ሙሉ አካል ያላቸው ወታደሮች ብቻ ይሰለፉበት የነበረ ግቢ፣ ዛሬ ምርኩዝ የያዘውን ተማሪ እንዴት አድርጎ እንደሚያሠለጥን የሚጠየቅበት ቦታ ሆኗል። የወታደር ሥልጠና ሁሉም ሰው አንድ ዓይነት እርምጃ እንዲራመድ ይፈልጋል። የመምህር ሥልጠና ይህን አይፈልግም፤ ወይም ሊፈልግ አይገባውም።

አሁን ወደ ሜዳው እንግባ። ብዙ ሰዎች እንዲህ ያለው ትምህርት በውድ ዕቃ ብቻ የሚሆን ይመስላቸዋል። በርግጥ ለውድድር የተሠራ ተሽከርካሪ ወንበር ዋጋው ከባድ ነው። ነገር ግን አብዛኛው ነገር በአሳብ እንጂ በገንዘብ አይሠራም። በወለል ላይ ተቀምጠው የሚጫወቱትን የመረብ ኳስ እንመልከት። ይህ ጨዋታ በ1956 በሆላንድ አገር የተጀመረ ነው። ሜዳው 10 ሜትር በ6 ሜትር ነው፤ የመረቡ ከፍታ ለወንዶች 1.15 ሜትር፣ ለሴቶች 1.05 ሜትር ነው። ዋናው ደንብ ኳሱን በሚመታበት ጊዜ የተጫዋቹ መቀመጫ ከመሬት እንዳይነሣ ነው። በመሬት ላይ ከተቀመጡ በኋላ እግሩ የተቈረጠውና ረጅሙ ተማሪ እኩል ይሆናሉ። እንዲያውም ጤነኛው ረጅም እግሩን የሚያኖርበት አጥቶ ሲቸገር፣ በክንዱ መሳብ የለመደው ጓደኛው ቀድሞት ኳሱ ዘንድ ይደርሳል። አንድ ገመድ በሁለት ምሰሶ መካከል መወጠር የሚችል ኮሌጅ ሁሉ ይህን ጨዋታ ለማስተማር ይችላል።

ለዓይነ ሥውራን የታሰበው ጎልቦል የሚባለው ጨዋታ ደግሞ ከዚህ ይለያል። በ1946 አንድ ኦስትሪያዊና አንድ ጀርመናዊ በጦርነቱ ዓይናቸው ለጠፋ ወታደሮች የፈጠሩት ነው። በእያንዳንዱ ወገን ሦስት ሰዎች ይሰለፋሉ፤ ጥቂት የሚያየውም ምንም የማያየውም እኩል እንዲሆኑ የሁሉም ዓይን ይሸፈናል። ኳሱ 1.25 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ በውስጡም ቃጭል አለበት። የሜዳው መሥመር ሥር ሲባጎ ስለሚቀበር ተጫዋቹ በእጁና በእግሩ እየዳሰሰ የቆመበትን ያውቃል። በዚህ ጨዋታ ላይ ተመልካች መጮኽ አይፈቀድለትም፤ ኳሱ በሚንከባለልበት ጊዜ አዳራሹ እንደ ቤተ መጻሕፍት ጸጥ ማለት አለበት። በኳስ ሜዳ ጩኸት ለለመደው ለእኛ ሕዝብ ይህ ብቻውን አንድ ትምህርት ነው።

ቃጭል ያለበት ኳስ ባይገኝስ? በብዙ አገሮች መምህራን ተራውን ኳስ በፌስታል ጠቅልለው ሲንከባለል እንዲንሿሿ ያደርጉታል። ኬንያ ግን በ2017 የፌስታል መያዣዎችን ስለ ከለከለች የናይሮቢ መምህር ሌላ ዘዴ መፈለግ አለበት፤ ቆርኪ የተሰፋበት ጨርቅ ወይም የደረቀ የበቆሎ ልባስ ይኸንኑ ሥራ ሊሠራ ይችላል። ይህን የምንጽፈው ለጨዋታ አይደለም። የመምህር ሙያ የሚታወቀው እንዲህ ባለው ትንሽ ነገር ነው።

መስማት የተሳናቸውን ተማሪዎች በተመለከተ ለውጡ ከሁሉ ይልቅ ቀላል ነው፤ በፊሽካ ፈንታ ባንዲራ ማውለብለብ፣ ሲናገሩ ፊትን ወደ ተማሪው ማዞር፣ ከተቻለም የምልክት ቋንቋ ማወቅ። የኬንያ የምልክት ቋንቋ በ2010 በጸደቀው ሕገ መንግሥት ውስጥ መንግሥት ሊያሳድጋቸው ከሚገቡት ቋንቋዎች ጋር በስም ተጠቅሷል። ነገር ግን ሕገ መንግሥቱ ፊቱን ወደ ሰሌዳ አዙሮ የሚናገረውን መምህር ሊያዞረው አይችልም።

መጠንቀቅ የሚያስፈልግበትም ነገር አለ፤ ይህን ሳንናገር ብናልፍ አንባቢዎቻችንን እንበድላለን። ኅብለ ሰረሰሩ የተጎዳ ተማሪ ከጉዳቱ በታች ያለው ቆዳው ሕመም ስለማይሰማው፣ በጠንካራ መቀመጫ ላይ ብዙ ሲቆይ ሳያውቀው ይቈስላል፤ ስለዚህ በየጊዜው ከመቀመጫው ከፍ እያለ እንዲያርፍ መምህሩ ሊያስታውሰው ይገባል። ጉዳቱ ወደ አንገት የቀረበ ከሆነ ደግሞ ሰውነቱ እንደ ልብ አያልበውም፤ ናይሮቢ በምድር ወገብ አጠገብ፣ ከባሕር ወለል ከ1,600 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የምትገኝ ከተማ ስለ ሆነች በቀትር ፀሐይ ማሠልጠን አደጋ አለው። አልቢኖ የሆኑ ተማሪዎች ቆዳቸውም ዓይናቸውም ለፀሐይ ስስ ስለ ሆነ ባርኔጣና እጅጌው ረጅም የሆነ ልብስ፣ ከዚያም በላይ የጠዋት ወይም የማታ ሰዓት ያስፈልጋቸዋል። የሚጥል በሽታ ያለበት ተማሪ ዋና ሊማር ይችላል፤ ነገር ግን ከውኃው ዳር የሚጠብቀው ሰው ዓይኑን ከእርሱ ላይ መንቀል የለበትም። እነዚህ ጥንቃቄዎች ሁሉ ትምህርቱን እንዴት እንደሚሰጡ የሚናገሩ ናቸው። ተማሪውን ከትምህርቱ ለማስቀረት ምክንያት አድርጎ የሚያቀርባቸው ሰው ግን ነገሩን ገልብጦ አንብቦታል።

ስለ ናይሮቢ አካባቢ ሲነገር የሄንሪ ዋንዮይኬን ታሪክ ማስቀረት አይቻልም። ሄንሪ በ1974 ከናይሮቢ አቅራቢያ በኪኩዩ ተወለደ፤ በልጅነቱ ሯጭ የመሆን ተስፋ የነበረው ነው። በ1995፣ ገና የሃያ አንድ ዓመት ወጣት ሳለ፣ አንድ ሌሊት በእንቅልፉ ላይ ባገኘው ድንገተኛ የአንጎል ሕመም ምክንያት የዓይኑን ብርሃን አጣ። ከዚያ በኋላ ወደ ማቻኮስ የዓይነ ሥውራን የሙያ ትምህርት ቤት ገብቶ የሹራብ ሥራ ተማረ። ሹራብ መሥራት መልካም ሙያ ነው፤ ነገር ግን እግሩ ያልታመመ ሯጭ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ እንዲውል መደረጉ ምን ያህል እንደሚከብድ መገመት አያስቸግርም። ሄንሪ ሰው እየመራው ዳግመኛ መሮጥ ጀመረ። በ2000 በሲድኒ በተደረገው የአካል ጉዳተኞች ኦሎምፒክ በ5,000 ሜትር ሲሮጥ የሚመራው ጓደኛው ታምሞ ስለ ነበር ወደ መጨረሻው ሲቃረቡ ኃይሉ አለቀ። ዓይኑ የማያየው ሯጭ የሚያየውን መሪውን እየጎተተ የወርቅ ሜዳልያውን አገኘ። ከአራት ዓመት በኋላ በአቴና፣ ከልጅነት ጓደኛው ከጆሴፍ ኪቡንጃ ጋር ሆኖ በ5,000 እና በ10,000 ሜትር ሁለት ወርቅ ወሰደ።

ከዚህ ታሪክ ብዙ ሰዎች የሚወስዱት የጀግንነቱን ክፍል ነው። እኛ ግን የመምህሩን ሥራ የሚያሳየውን ክፍል እንመርጣለን። ዓይነ ሥውር ሯጭና መሪው እጃቸውን በአንዲት አጭር ገመድ አያይዘው ይሮጣሉ። ደንቡ መሪው ሯጩን እንዲጎትት አይፈቅድም፤ ከእርሱ ቀድሞም የመጨረሻውን መሥመር ማለፍ የለበትም። የሁለቱ ሰዎች እርምጃና የክንዳቸው ውዝወዛ አንድ መሆን አለበት፤ ይህም ብዙ ወራት መለማመድን ይጠይቃል። ስለዚህ አንድ ዓይነ ሥውር ተማሪ ለማሠልጠን የሚፈልግ ኮሌጅ ሁለት ተማሪ ማሠልጠን አለበት። መሪ የሚሆነው ወጣት ከሌላው ባላነሰ ፈጣን፣ ከሌላው ይልቅ ደግሞ ትዕግሥተኛ መሆን ያስፈልገዋል፤ ስሙ ግን እምብዛም አይጠራም።

የናይሮቢ ነገር ሁሉ የተቃና ነው ብለን ለመጻፍ አንችልም። ሕጉ መልካም ነው። ኬንያ በ2003 የአካል ጉዳተኞችን ሕግ አወጣች፤ የ2010 ሕገ መንግሥት በ54ኛው አንቀጽ አካል ጉዳተኛ የሆነ ሰው ወደ ትምህርት ቤቶች፣ ወደ ማናቸውም ስፍራና ወደ ሕዝብ ማመላለሻ መኪናዎች በሚገባ ለመግባት መብት እንዳለው ይናገራል። በ2006 የወጣውንና በ30ኛው አንቀጹ ስለ ስፖርት የሚናገረውን የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት ኬንያ በ2008፣ ኢትዮጵያ በ2010 አጽድቀዋል። ነገር ግን በናይሮቢ ብዙው ሰው የሚሳፈረው ማታቱ በሚባለው ትንሽ አውቶቡስ ነው። የማታቱ በር ጠባብ፣ ደረጃው ከፍተኛ፣ ረዳቱም ቸኳይ ነው። በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ተማሪ ወንበሩን የሚያጥፍለት፣ እርሱንም የሚያነሣው ሰው ካላገኘ መኪናው ጥሎት ይሄዳል። የጠዋቱ የስፖርት ትምህርት በሁለት ሰዓት ቢጀመር፣ ይህ ተማሪ ሜዳው ዳር ሲደርስ ጓደኞቹ ላባቸውን እየጠረጉ ይመለሳሉ። የአዲስ አበባን ታክሲ ተሳፍሮ የሚያውቅ አንባቢ ይህን ለመረዳት ናይሮቢ ድረስ መሄድ አያስፈልገውም።

ወደ እኛ አገር ስንመለስ፣ በእኛ አቆጣጠር በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቍጥር 624 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች፣ በተለይም በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄዱት፣ መግቢያና መጸዳጃ እንዲኖራቸው አዝዟል። የስፖርት አዳራሽም የሕዝብ ሕንፃ ነው። ልብስ መለወጫውንና መታጠቢያውን ግን ብዙ ጊዜ የሚያስታውሰው የለም። ተማሪው ሜዳ ገብቶ ከተጫወተ በኋላ ላቡን የሚታጠብበት ካጣ በሚቀጥለው ሳምንት ላለመምጣት በቂ ምክንያት አለው።

ልጆቻችን ዕድል ሲሰጣቸው የሚሆነውን ደግሞ አይተናል። በ2012 በለንደን፣ እጃቸው የተጎዳ ወንዶች በሚወዳደሩበት የ1,500 ሜትር ሩጫ ኬንያዊው አብራሃም ታርቤይ አንደኛ ሲወጣ፣ ሁለተኛ የሆነው የእኛው ወንድዬ ፍቅሬ ነበር። ትዕግሥት ገዛኸኝ በ2021 በተደረገው የቶኪዮ ውድድር ለኢትዮጵያ የመጀመሪያውን የአካል ጉዳተኞች ኦሎምፒክ ወርቅ አስገኘች፤ በ2024 በፓሪስም ደገመችው። በዚያው በፓሪስ ምንም ከማያዩት ሴቶች መካከል ያየሽ ጌጤ የ1,500 ሜትሩን ወርቅ ወሰደች። በሜዳልያው ደስ ብሎናል። ነገር ግን የኮሌጅ ትምህርት ሜዳልያ ለማያገኙት፣ ማለትም ለአብዛኞቹ ነው። ያ በምርኩዝ የሚሄድ የሒሳብ ተማሪ ለዓለም ውድድር አይደርስም ነበር፤ የሚያስፈልገው ትከሻው እንዲጠነክር፣ ደሙ እንዲዘዋወር፣ ከሁሉም በላይ ከጓደኞቹ ጋር አንድ ላይ እንዲያልበው ነበር።

ለወላጆችም አንድ ቃል አለን። ልጃቸው ከስፖርት ትምህርት ነጻ እንዲሆንላቸው ከሐኪም የምስክር ወረቀት የሚያመጡ አባቶችና እናቶች አሉ። ይህን የሚያደርጉት በፍቅር እንደ ሆነ እናውቃለን። ሐኪሙን ግን «ልጄ ምን እንዳይሠራ ይከልከል?» ብለው ከሚጠይቁት ይልቅ «ልጄ ምን ምን ሊሠራ ይችላል?» ብለው ቢጠይቁትና ያንኑ በወረቀቱ ላይ ቢያስጽፉት፣ መምህሩ የሚጀምርበትን ያገኛል። ባዶ ፈቃድ የያዘ ወረቀት ለመምህሩም ዕረፍት ስለሚሰጠው ማንም አይቃወመውም፤ የሚጎዳው አንዱ ብቻ ነው።

ልብሳችንን ይጠብቅ የነበረውን ጓደኛችንን በቅርቡ አግኝተነዋል። ዛሬ ፀጉሩ ሸብቷል፤ የልጅ ልጆችም አይቷል። የድሮውን ነገር አንሥተን በሜዳው ዳር ተቀምጦ ሳይጫወት በመቅረቱ አዝኖ እንደ ሆነ ጠየቅነው። ጥቂት ካሰበ በኋላ፣ ከዛፉ ሥር መቀመጡን ያን ያህል እንዳልጠላው፣ እንዲያውም ከዚያ ሆኖ የእያንዳንዳችንን አሯሯጥ አጥንቶ ማን ማንን እንደሚቀድም አስቀድሞ ያውቅ እንደ ነበረ ነገረን። ያልረሳው በካርዱ ላይ የተሰመረችውን ጭረት ነው። አባቱ ማንበብ ስለማይችሉ በየዓመቱ ጭረቲቱን በጣታቸው እያመለከቱ «ይህች ምን ማለት ናት?» ይሉት ነበር፤ እርሱም በየዓመቱ ሌላ ሌላ መልስ ይፈጥርላቸው ነበር።